ድንበር የማይገታቸው በካዮችና የዓለም የጋራ ልኬት

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኤሪክ ደዋዪ የተባሉ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ በካናዳ የኩቤክ ግዛት በሚኖሩ እናቶች የጡት ወተት ውስጥ ምን ያህል የኬሚካል ቅሪት እንዳለ ያጠኑ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደቡባዊው ኩቤክ ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የበዛበት ስለሆነ ቅሪት እንደሚገኝ ይጠበቃል። ለማነጻጸሪያ ግን ንጹሕ ናሙና ያስፈልግ ነበር። ተመራማሪው ንጹሕ ናሙና አገኛለሁ ብለው ያሰቡት በስተሰሜን፣ ከአርክቲክ ዳርቻ ነው። ኑናቪክ በሚባለው በዚያ ምድር የኢኑዊት ሕዝብ ዓሣ እያሰገረና የባሕር አጥቢ እንስሳትን እያደነ ይኖራል፤ ፋብሪካም ሰፋፊ እርሻም የለም። ወተቱ ተሰብስቦ ሲመረመር ግን ውጤቱ የተጠበቀውን ገለበጠው። በኢኑዊት እናቶች ወተት ውስጥ የተገኘው ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል በደቡብ ኩቤክ እናቶች ከተገኘው አምስት እጥፍ ያህል ሆነ።

ኢኑዊቶች ፒሲቢን አላመረቱም፣ አልነገዱበትም። መርዙ የተነሣው በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከሚርቁ የኢንዱስትሪ አገሮች ሲሆን፣ በአየርና በባሕር ተጉዞ በመጨረሻ በምግባቸው በኩል ደረሰባቸው። እንዲህ ያለውን ችግር አንድ አገር ብቻውን ሕግ አውጥቶ አይፈታውም። በግዛቱ ያለውን ምንጭ ሁሉ ቢዘጋ እንኳ የሩቅ አገር በካይ ይደርስበታል። ስለዚህ አገሮች በጋራ መከልከል፣ በጋራ ማስወገድ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በጋራ መለካት ነበረባቸው። የዚህ የጋራ ሥራ ዋና መሠረት በ2001 በስዊድን ዋና ከተማ የተፈረመው የስቶክሆልም ኮንቬንሽን ነው። ኮንቬንሽን ማለት አገሮች ፈርመውና በየሕግ አውጪ ምክር ቤታቸው አጽድቀው የሚገቡበት አስገዳጅ ስምምነት ነው፤ በዚህኛው ከ180 በላይ አገሮች ገብተውበታል፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት።

ስምምነቱ የሚመለከተው አደገኛ የሆነውን ኬሚካል ሁሉ አይደለም። የሚመለከተው በቀላሉ የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች የሚባሉትን ነው፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ ዘላቂ በካዮች እንላቸዋለን። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል እዚህ የተፈጥሮ ወይም ጤናማ ማለት አይደለም፤ በካርቦን ላይ የተገነቡ ውሁዶች ማለት ነው። አንድ ኬሚካል ከእነዚህ ወገን ለመመደብ አራት ጠባዮች ሊኖሩት ይገባል። የመጀመሪያው አለመበስበስ ነው፦ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ውሃ ውስጥ ከሁለት ወር፣ አፈር ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የሚፈጅ መሆን አለበት። ሁለተኛው በሕያዋን አካል ውስጥ መከማቸት ነው። ሦስተኛው ከተለቀቀበት ቦታ ርቆ መጓዝ፣ አራተኛው ደግሞ በሰው ጤና ወይም በአካባቢ ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። አንድ ኬሚካል እጅግ መርዛማ ሆኖ በሳምንት ውስጥ ከፈረሰ በዚህ መዝገብ አይገባም፤ እሱን ሌሎች ሕጎች ይቆጣጠሩታል።

የርቀት ጉዞው እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የኢኑዊት እናቶች እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ዘላቂ በካዮች በሞቃት አገር ቀስ እያሉ ይተናሉ፤ ከነፋስ ጋር ተጉዘው ቀዝቃዛ አየር ሲያገኙ ወደ መሬት ወይም ወደ ውሃ ይመለሳሉ። የድስት ክዳን ሲከፈት ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ በዚሁ መንገድ የተፈጠረ ነው፤ እንፋሎቱ ከድስቱ ተነሥቶ ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ከሞቃታማው የምድር ክፍል የተነሣው ኬሚካል በበጋ እየተነነ፣ በክረምት እያረፈ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ዋልታዎቹ ይጠጋል። ሳይንቲስቶች ይህን የፌንጣ ዝላይ ይሉታል። ዋልታ ላይ ከደረሰ በኋላ ቅዝቃዜው አያስነሣውም፤ እዚያው ይከማቻል።

ቀጥሎ የሚመጣው የምግብ ሰንሰለት ነው። አብዛኞቹ ዘላቂ በካዮች በውሃ አይሟሙም፣ ስብ ግን ይወዳሉ። ስለዚህ ወደ ሰውነት ከገቡ በሽንት አይወገዱም፤ በስብ ውስጥ ይቀመጣሉ። በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ጥቂት ይይዛሉ፤ ትንሹ ዓሣ እጅግ ብዙ ደቃቃን ይበላል፤ ትልቁ ዓሣ ትንንሾቹን፣ የባሕር ውሻ ትልቁን ዓሣ ይበላል። በእያንዳንዱ ደረጃ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። በባሕሩ ውሃ ውስጥ በጭንቅ የሚለካ የነበረው መርዝ የባሕር አጥቢ እንስሳት ስብ ውስጥ ሲደርስ በእጅጉ በዝቶ ይገኛል። የኢኑዊት ሕዝብ በዚያ ብርድ ለመኖር የሚመገበው ይህን ስብ ነው። እናቲቱ በዕድሜዋ ሙሉ ያከማቸችው ደግሞ ከወተቷ ስብ ጋር ወደ ልጇ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ኬሚካሎቹ እንደ ድል አድራጊ ይታዩ ነበር። ዲዲቲ በላቦራቶሪ የተሠራው ገና በ1874 ቢሆንም ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን ያወቁት በ1939 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ የሚሠሩት ኬሚስት ፓውል ሙለር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቅማል የሚያስተላልፈውን ተስቦ ለመግታት አገልግሏል። ከዚያም በወባ ትንኝ ላይ ዘመተ፤ ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሽልማቱ አላግባብ የተሰጠ አይደለም፤ ዲዲቲ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። በ1962 ግን አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሬቸል ካርሰን «ጸጥ ያለው ጸደይ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፋቸውን አሳትመው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በወፎችና በሌሎች ፍጥረታት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ለሕዝብ ገለጡ። አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ መጠቀምን በ1972 ከለከለች።

የፒሲቢ ታሪክ ደግሞ የልኬትን ዋጋ ከሁሉ የበለጠ ያሳያል ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። ፒሲቢ ከ1929 ጀምሮ በፋብሪካ የተመረተ ዘይት መሰል ኬሚካል ነው። በቀላሉ አይቃጠልም፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ስለዚህ በትራንስፎርመር ውስጥ ማቀዝቀዣ ዘይት ሆነ፤ በቀለምና በማሸጊያ ውስጥም ገባ። ከማሽን ውስጥ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ ሰው ጥቂት ነበር። በ1964 ሶረን የንሰን የተባሉ ስዊድናዊ ኬሚስት በእንስሳት አካል ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት ለመለካት ሥራ ጀመሩ። የመለኪያ መሣሪያው እያንዳንዱን ኬሚካል በወረቀት ላይ እንደ ጉብታ አድርጎ ይሥላል። የንሰን የዲዲቲን ጉብታዎች አገኙ፤ ከነሱ ጋር ግን ማንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ጉብታዎች በተደጋጋሚ ይወጡ ነበር። እንደ ስህተት ቆጥረው ሊተዉአቸው ይችሉ ነበር፤ አልተዉም። በሙዚየም የተቀመጡ የንስር ላባዎችን መረመሩ፤ ያልታወቀው ነገር በ1944 በተሰበሰበ ላባ ላይ ተገኘ። ያ ዘመን ዲዲቲ በስፋት ከመረጨቱ በፊት ስለሆነ ነገሩ ፀረ ተባይ ሊሆን አይችልም። ሁለት ዓመት ፈልገው በ1966 ፒሲቢ መሆኑን አስታወቁ። ኬሚካሉን በራሳቸው፣ በባለቤታቸውና በጨቅላ ልጃቸው ፀጉር ላይም አግኝተውት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በምዕራብ ጃፓን ፒሲቢ የተቀላቀለበት የሩዝ ዘይት ብዙ ሰዎችን መረዘ፤ ቆዳቸው በብጉር ተወረሰ፣ በማኅፀን የነበሩ ሕፃናትም ተጎዱ። በ1976 ደግሞ በጣልያን ሰቨዞ ከተማ አቅራቢያ ከሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ የያዘ ደመና ወጣ። አገሮች በየራሳቸው መከልከል የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። በየግል የሚወጣው ክልከላ ግን ክፍተት ነበረው፤ በአንዱ አገር የታገደው ወደ ሌላው ይሸጣል፣ ከዚያም በነፋስ ተሳፍሮ ይመለሳል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የጠራው ድርድር በሰኔ 1998 በሞንትሪያል ተጀመረ። የመሩት ካናዳዊው ጆን ቡቺኒ ነበሩ። ሁለተኛው ስብሰባ በ1999 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ሲካሄድ የኢኑዊቶች ተወካይ ሺላ ዋት-ክሉቲዬ ከድንጋይ የተቀረጸ የእናትና ልጅ ምስል አበረከቱ፤ ቡቺኒ በቀጣዮቹ ስብሰባዎች ምስሉን በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በየስብሰባው የሚቀርበው ክርክር ቀላል አልነበረም። ከሁሉ የከበደው ዲዲቲ ነው። የአካባቢ ተሟጋቾች ፈጽሞ እንዲታገድ ፈለጉ፤ ወባ የሚያጠቃቸው አገሮችና የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ምትክ ሳይኖር ቢከለከል ሕፃናት እንደሚሞቱ አስረዱ። መፍትሔው ሁለቱንም የሚሰማ ሆነ፦ ዲዲቲ ለእርሻ ይከልከል፣ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ግን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ይፈቀድ፣ የሚጠቀም አገርም ስሙን በይፋ ያስመዝግብ። ድርድሩ በታኅሣሥ 2000 ጆሃንስበርግ ላይ አልቆ በግንቦት 2001 ስቶክሆልም ላይ ተፈረመ፤ በግንቦት 17 ቀን 2004 በሥራ ላይ ዋለ።

ስምምነቱ በመጀመሪያ አሥራ ሁለት ኬሚካሎችን ይዞ ተነሣ። ዘጠኙ ለፀረ ተባይነት የዋሉ ናቸው፤ ከነሱም ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን ይገኙበታል። አሥረኛው ፒሲቢ ነው። ዳዮክሲንና ፊዩራን የሚባሉት ሁለቱ ግን ማንም አስቦ አያመርታቸውም፤ ቆሻሻ፣ በተለይም ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚፈጠሩ ናቸው። በጓሮ ወይም በመንገድ ዳር ላስቲክና ጠርሙስ ሲቃጠል ከሚወጣው ጢስ ጋር ይለቀቃሉ። ስለዚህ ኮንቬንሽኑ ሦስት አባሪ ዝርዝሮች አሉት፤ አንደኛው የሚወገዱትን፣ ሁለተኛው አጠቃቀማቸው የሚገደበውን፣ ሦስተኛው ሳይታሰብ የሚፈጠሩትን ይይዛል።

ዝርዝሩ የተዘጋ አይደለም። ማንኛውም አባል አገር አዲስ ኬሚካል ይጨመር ብሎ ማቅረብ ይችላል። ጥያቄው የሚሄደው ከየአህጉሩ ለተውጣጡ 31 ባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው በመጀመሪያ ኬሚካሉ አራቱን ጠባዮች ማሟላቱን ያጣራል፤ ቀጥሎ ስጋቱን ይመዝናል፤ በመጨረሻም ቢታገድ ምን ምትክ እንዳለና ምን ኪሣራ እንደሚያስከትል ያጠናል። ውሳኔው በየሁለት ዓመቱ ለሚሰበሰበው የአባል አገሮች ጉባኤ ይቀርባል። በ2009 ዘጠኝ ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ተጨመሩ፤ በ2011 በጥጥ እርሻ ላይ በስፋት ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋን ገባ፤ ከዚያ ወዲህም በየጉባኤው አዳዲስ ስሞች ሲገቡ ቆይተዋል።

በእኔ እይታ ይህን ስምምነት ከብዙዎቹ የሚለየው አንቀጽ 16 ነው። አንቀጹ አባል አገሮች ኮንቬንሽኑ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን በየጊዜው እንዲገመግሙ ያስገድዳል። ግምገማው በወረቀት ሪፖርት ላይ ብቻ አይቆምም። ኬሚካሎቹ በአየር፣ በሰውና በውሃ ውስጥ እየቀነሱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በልኬት ማሳየት ይጠይቃል። ለዚህም ዓለም አቀፍ የክትትል ዕቅድ ወጣ። ዓለም በአምስት ቀጠናዎች ተከፈለ፤ አፍሪካ አንዱ ቀጠና ነው። ዋነኛ መለኪያዎች ሆነው የተመረጡት አየርና የእናት ጡት ወተት (ወይም ደም) ናቸው። በኋላም እንደ ፒፎስ ያሉ፣ ከስብ ይልቅ ውሃን የሚመርጡ ኬሚካሎች ሲመዘገቡ የገጸ ምድር ውሃ ተጨመረ።

የአየር ናሙና የሚሰበሰብበትን መሣሪያ የሚያይ ሰው ቀላልነቱ ሊገርመው ይችላል። ሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ይገጠሙና በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል፤ ትልቁ ከላይ ሆኖ ዝናብና ፀሐይ ይከላከላል። በውስጣቸው ክብ ስፖንጅ ይሰቀላል። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ አየሩ በክፍተቱ እየገባ ሲወጣ ስፖንጁ በአየሩ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ቀስ በቀስ ይይዛል። ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ይወርዳል፤ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል፣ ይታሸጋል፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በቦታው ሌላ ስፖንጅ ይተካል፤ በዓመት አራት ናሙና ይገኛል። ከነዚህ ጋር አንድ ሌላ ስፖንጅ አብሮ ይጓዛል፤ ይህኛው ግን ለአየሩ ተጋልጦ አይቆይም። እሱ ላይ ኬሚካል ከተገኘ ብክለቱ በጉዞ ወይም በአያያዝ የመጣ ነው ማለት ስለሆነ የሌሎቹ ውጤት በዚያው ልክ ይታረማል። ላቦራቶሪ ውስጥ ስፖንጁ በማሟሚያ ፈሳሽ ይታጠባል፣ ፈሳሹም የየንሰን መሣሪያ የልጅ ልጅ በሆኑ ረቂቅ መሣሪያዎች ይመረመራል። ካናዳ የእነዚህን መሣሪያዎች መረብ በ2004 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ዘረጋች፤ በቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ የሚገኘው የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ደግሞ በአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ መረብ አቆመ። ኢትዮጵያም በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በኩል በተካሄዱት የአፍሪካ የክትትል ፕሮጀክቶች ተሳታፊ ናት።

የወተቱ ልኬት ደግሞ የተመሠረተው የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 በጀመረው ጥናት ላይ ነው። መመሪያው ጥብቅ ነው። አንድ አገር ቢያንስ ሃምሳ እናቶችን ይመርጣል፤ ሁሉም የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚያጠቡ፣ ጤናማና ከሠላሳ ዓመት በታች መሆን አለባቸው፤ ናሙናውም ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይወሰዳል። የመጀመሪያ ልጅ የተባለበት ምክንያት አለው። እናት ባጠባች ቁጥር በሰውነቷ የተከማቸው ስለሚቀንስ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ያላት እናት ከተቀላቀለች ንጽጽሩ ይፋለሳል። ከሃምሳዎቹ የተወሰደው ወተት በእኩል መጠን ተቀላቅሎ አንድ ናሙና ይሆናል፤ ስለዚህ የማንም እናት ውጤት ተነጥሎ አይታይም። የዳዮክሲንና የፒሲቢ ምርመራው በጀርመን ፍራይቡርግ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ይካሄዳል። ሁሉም ናሙና በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ ስለሚመረመር የአንዱን አገር ቁጥር ከሌላው ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ውጤቶች ሁሉ አይቶ ጡት ማጥባትን መምከሩን አላቆመም። ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ከስጋቱ ይበልጣል። ወተቱ የሚለካው ኅብረተሰቡ ለምን ያህል መርዝ እንደተጋለጠ በታማኝነት ስለሚያሳይ ነው።

አገሮች በየራሳቸው ላቦራቶሪ ሲለኩም ቁጥሮቻቸው መነጻጸር መቻል አለባቸው። ለዚህ ሲባል በየጊዜው አንድ ዓይነት የፈተና ናሙና በዓለም ላሉ ላቦራቶሪዎች ይላካል፤ በውስጡ ምን ያህል እንዳለ አይነገራቸውም። ውጤታቸው ተሰብስቦ ይነጻጸርና የማን ልኬት እንደሚታመን፣ የማን እርማት እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። አዝጋሚና አድካሚ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ግን የናይሮቢ ቁጥርና የኦስሎ ቁጥር አንድ ቋንቋ አይናገሩም።

ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት መለካት ምን እንደሚያስገኝ ስዊድን ታሳያለች። በስቶክሆልም ከ1972 ጀምሮ የተሰበሰበ የእናቶች ወተት በቅዝቃዜ ተጠብቆ ቆይቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ያን የቆየ ወተት አውጥተው መረመሩ። ዲዲቲና ፒሲቢ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ መሄዳቸውን አዩ፤ ክልከላው ሠርቷል። በዚያው ወተት ውስጥ ግን ማንም ትኩረት ያልሰጠው ሌላ ነገር ነበር፦ ሶፋ፣ ፍራሽና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እሳት በቀላሉ እንዳይይዘው የሚጨመሩት ፒቢዲኢ የተባሉ ኬሚካሎች። መጠናቸው ከ1972 እስከ 1997 በየአምስት ዓመቱ ያህል እጥፍ ሆኖ ነበር። ይህ ግኝት ለአውሮፓ እገዳ መንገድ ከፈተ፤ ከኬሚካሎቹ ዋና ዋናዎቹም በ2009 በስቶክሆልም ኮንቬንሽን ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ወተቱን ያስቀመጡት ሰዎች ሲያስቀምጡ ፒቢዲኢን እየፈለጉ አልነበረም።

የስቶክሆልም ስምምነት ብቻውን አይሠራም። ሁለት እኅቶች አሉት፤ የሦስቱም ጽሕፈት ቤት ጄኔቭ ላይ በጋራ ይሠራል፣ ከ2013 ጀምሮም ጉባኤዎቻቸው ተከታትለው ይካሄዳሉ። አንድ በርሜል ፀረ ተባይ ብንከተል የሥራ ክፍፍላቸው ይገባናል። በርሜሉ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር ምን እንደሚመጣበት አውቆ እሺ ወይም እምቢ እንዲል የሚያደርገው የ1998ቱ የሮተርዳም ኮንቬንሽን ነው። በውስጡ ያለው ኬሚካል ጨርሶ ይመረት ወይስ ይወገድ የሚለውን ስቶክሆልም ይወስናል። ጊዜው አልፎበት ቆሻሻ ሲሆን ድንበር የሚሻገርበትን ሥርዓት የሚያስከብረው የ1989ኙ የባዝል ኮንቬንሽን ነው። አፍሪካውያን ደግሞ ባዝል አልበቃ ብሏቸው በ1991 የባማኮን ኮንቬንሽን አወጡ፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ፈጽሞ የሚከለክል ነው። ለዚህ ያነሣሣቸው አንዱ ምክንያት በ1988 ከጣልያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ተራግፎ መገኘቱ ነበር።

በርሜል ሲባል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። አንበጣን፣ ተምችንና ወባን ለመከላከል ለአሥርተ ዓመታት የገቡ፣ ከፊሉም በእርዳታ መልክ የመጡ ፀረ ተባዮች ሳይረጩ ቀርተው በየክፍለ አገሩ መጋዘኖች ተከማችተው ነበር። ብረቱ ዝጎ፣ ፈሳሹ ወለሉን አርሶ፣ ምልክቱ ጠፍቶ ምን እንደሆኑ እንኳ የማይታወቁ በርሜሎች ብዙ ነበሩ። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከ2000 ጀምሮ በተካሄደው ዘመቻ ሠራተኞች ከእግር እስከ ራስ የሚሸፍን ልብስና የመተንፈሻ ጭምብል አድርገው መርዙን ከአሮጌ ዕቃ ወደ አዲስ በርሜል ገለበጡ። ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት በሚያቃጥል ልዩ ፋብሪካ ተወገደ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ማቃጠያ አልነበረም፤ ደካማ በሆነ እሳት ማቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን መፍጠር ነው።

ዲዲቲን ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ከተቋቋመበት ከ1959 ጀምሮ ረጪዎች መርጫቸውን በትከሻቸው አንግተው በቆላው አገር የየቤቱን ግድግዳ ይረጩ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዲዲቲው ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበር። የወባ ትንኝ እየተላመደችው ስትሄድ በ2009 አካባቢ ለቤት ርጭት በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። ለወባ ብቻ የተፈቀደው ዲዲቲ ወደ ገበያ ሾልኮ በጫት ማሳ ላይ መረጨቱን የዘገቡ ጥናቶች አሉ፤ ቅሪቱም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በሐዋሳና በዝዋይ፣ ዓሦች ውስጥ ተለክቷል። በዓለም አቀፉ የወተት ጥናት ከፍተኛ የዲዲቲ መጠን ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህን ማወቅ ያስጨንቃል፤ ሆኖም መነሻው ቁጥር ካልታወቀ ርጭቱ ከቆመ በኋላ የሚመጣውን መቀነስ ማየት አይቻልም። ልኬቱ የሚደገመው ለዚህ ነው።

በዓለም ደረጃ እስካሁን የወጡት የክትትል ሪፖርቶች በጥቅሉ የሚናገሩት ይህ ነው፦ ቀደም ብለው የታገዱት ኬሚካሎች በአየርም በወተትም ውስጥ እየቀነሱ ነው። ቅነሳው ግን ዝግ ያለና በሁሉም ቦታ እኩል ያልሆነ ነው። በካናዳው አለርትና በኖርዌዩ ዜፐሊን፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባሉ ጣቢያዎች፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሰበሰበው መረጃ ሌላም ነገር አሳይቷል። ምድር ስትሞቅ በበረዶና በባሕር ውስጥ ታስረው የቆዩ አሮጌ በካዮች እንደገና ወደ አየር እየተነሡ ነው። ጣቢያዎቹ ሥራቸውን ቢያቋርጡ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

የቀረው ሥራ ቀነ ገደብ አለው። ፒሲቢ ያለባቸው ትራንስፎርመሮችና ሌሎች መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይታቸውም እስከ 2028 ጉዳት በማያደርስ መንገድ እንዲወገድ ኮንቬንሽኑ ያዛል። ለዚህ መጀመሪያ የየአሮጌውን ትራንስፎርመር ዘይት ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል፤ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 50 ክፍል በላይ ፒሲቢ የያዘው ተለይቶ ይመዘገባል። ፒሲቢ ያለበት ዘይት ተቀድቶ በንጹሑ ከተቀላቀለ ንጹሑንም ስለሚበክለው፣ የጥገና ሠራተኞች ከምርመራ በፊት ዘይት ከዘይት እንዳያቀላቅሉ ይመከራሉ። በግንቦት 2025 ደግሞ አባል አገሮች ክሎርፒሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ በሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋል፤ ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ብቻ የጊዜ ገደብ ያለው ፈቃድ ትተዋል። ክሎርፒሪፎስ በ2020 የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያን ሲወር ከተረጩት ኬሚካሎች አንዱ ነበር፤ ስለዚህ የሚቀጥለው መንጋ ሳይመጣ ምትኩን መርጦ፣ ረጪዎችን አሠልጥኖ፣ በየመጋዘኑ የተረፈውን ቆጥሮ መመዝገብ የግብርና ባለሙያዎች የአሁን ሥራ ሆኗል።